ዛሬ የማን ቀን ነው?

ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ በሥራ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ በረንዳህ ላይ ወንበር አውጥተህ ተቀመጥ። የመጀመሪያው መንገደኛ «እንዴት ዋልህ?» ብሎህ ያልፋል። ሁለተኛው ቆም ይልና «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይላል። ሦስተኛዋ አንተን አትጠይቅም። በጓሮ ዞራ ትገባና ባለቤትህን «ከሥራ አስወጡት እንዴ?» ትላታለች፤ ሲመሽ ሰፈሩ ይህንኑ ይዞ ይተኛል። መቀመጥ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ከራስህ የመነጨ እንዳይሆን። ታቦት ነው ካልህ መልካም። እንግዳ እየጠበቅሁ ነው ካልህ መልካም። አሞኛል ካልህ «ይማርህ» ይሉሃል፤ ከይማርህ በኋላ የሚመጣውን እመለስበታለሁ። «ደክሞኝ ነው» ያልህ እንደሆነ ግን ገና እንዳልመለስህ ይቆጠራል። ጠያቂው ዋናውን ምክንያት እስክትነግረው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ደግነቱ ታቦት አናጣም። ወሩ 30 ቀን ነው፣ ሠላሳውም ባለቤት አለው። በ1 ልደታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ለእኛ ለአዘዞዎች ደግሞ በ24 የሚውለው ተክለ ሃይማኖት ይበልጥብናል፤ ደብራችን ነዋ። ሁሉንም ላክብር ያለ ገበሬ ጤፉን የሚያጭድለት መልአክ መለመን ይኖርበታል። ስለዚህ ሰው እንደየአጥቢያው የሚያከብረውን መርጦ ያከብራል፣ የቀረውን ስሙን ጠርቶ ያልፈዋል። ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ የከበደው ሰው መጀመሪያ «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀኑ የትልቅ ታቦት ከሆነ ድካሙ ወዲያው ክብረ በዓል ይሆንለታል። ካልሆነ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል፤ ጉልበቱም እስከ ሚካኤል ይታገሣል።

በቅርቡ ስልኬ ላይ አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ይህን ሁሉ የሚያስቀር መላ ይዞ መጣ። ራሳችሁን ተንከባከቡ፣ ራሳችሁን ተቀበሉ፣ ራሳችሁን ውደዱ ይላል። እስከዚህ ድረስ ጠላት የለውም። ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አዘዞ ውስጥ የተነሣ ሰው ብቻውን የሚሆን መስሎታል። ሴቶቹ ምጣድ አሙቀው ሁለተኛውን እንጀራ አውጥተዋል። ካህናቱ ቤተ ክርስቲያን ቆመዋል። የባጃጁ ልጅ ሞተሩን አስነሥቶ ከሰው ቀድሞ ለመሰለፍ ይጣደፋል። ከጦር ሰፈሩ በኩል የሚሮጡ ወታደሮች ድምፅ ይሰማል። ማለዳ መነሣት ራስን መውደድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰፈር ገና ድሮ በፍቅር ባበደ ነበር።

ሁለተኛው ምክር መስታወት ፊት ቆሞ ለራስ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። መኖሪያ ቤቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ምክር አይደለም። የእኛ መስታወት አንድ ነው፤ የሚገኘውም ሳሎን፣ ከሠርጋችን ፎቶግራፍ ጎን ነው። ሰው የሌለ መስሎኝ ቆምሁና በዝግታ አልሁት። ከጓዳ የባለቤቴ አክስት ብቅ አሉ። እኛ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ መስታወቱ አዩ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተመልሰው ገቡ። በነጋታው ስነሣ ራስጌዬ ላይ አንድ ሃይላንድ ጠበል ተቀምጧል። ማንም ስለ ጉዳዩ አላነሣም። ጠጣሁት።

ይሁን እንጂ ዕረፍት ያለ አስፈቃጅ አይገኝም የሚለውን ነገር የእኛ ዘመን አዘዞዎች አልፈጠርነውም። ታሪኩ እዚሁ ከእግራችን ሥር ነው። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሳይቆረቁር፣ አባቱ ዐፄ ሱስንዮስ አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስን አሠርቶ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ የአትክልት ቦታና የውኃ ገንዳ ያለው። ፍርስራሹን ከስፔን የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው አጥንተውታል። እንግዲህ የአትክልት ቦታና ገንዳ ያለው ሰው ዕረፍት ይጠላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግን ቅዳሜን ከሰው ላይ የወሰደው እሱ ነው።

ነገሩ ቆየት ያለ ሙግት ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ናት ብለው ተሟገቱ፣ ተሰደዱም። ደቀ መዛሙርታቸው ሙግቱን ቀጠሉ። በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አስቀመጠና ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ተባለ። ከመቶ ሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ጋር ተወዳጀና ቅዳሜ ይሠራበት፣ ይታረስበት ብሎ ዐወጀ። አገሩ ታመሰ፣ ዐመፅ ተነሣ። ነገሩ የቅዳሜ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ እምነቱን ለሮም ማስረከቡ ነበር ትልቁ እሳት። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለሕዝቡ፣ ዘውዱን ለፋሲል መለሰ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሞተና እዚሁ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ።

እኔን የሚገርመኝ እንዲህ ነው። ገበሬው ለቅዳሜ ጦር አነሣ። ስድስት ቀን የሚያርስ ሰው መድከሙ አይቀርም፤ በሬውም ይደክማል። ነገር ግን «ደክሞናል፣ ቅዳሜያችንን መልሱልን» ብሎ ጦር ሜዳ የወጣ አልነበረም። «የእግዚአብሔርን ቀን አትንኩ» ነው ያሉት፤ ደግሞም ከልባቸው ነው ያሉት። በአምላክ ስም ለዕረፍቱ የሚሞት ሕዝብ በራሱ ስም ግማሽ ቀን ለመጠየቅ ያፍራል።

የንጉሡ ወዳጅ የኢየሱሳዊው የፔድሮ ፓኤዝ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ1595 ዓ.ም. አገራችን ገባ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ ልጆች አስተማረ፤ በ1610 ከንጉሡ ጋር ግሽ ድረስ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ፤ ጎርጎራ ላይ ድንጋይ አስጠርቦ አስገነባ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በ1614 ጎርጎራ ላይ ትኩሳት ይዞት ሞተ። የሠራውን ስታነብ ይህ ሰው መቼ ይተኛ ነበር ያሰኝሃል። የቅዳሜን ዕረፍት የሚቃወም ጓደኛ እንዲህ ያለ ከሆነ ንጉሡም አይፈረድበትም።

ዕረፍት የወጣ ንጉሥም አላጣንም። ታላቁ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ ጎጃም ዘምቶ ሳለ የሚወዳት እመቤት ሞተችበት። ሐዘኑ ጠናና ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ወደ አንዱ ገለል አለ። ጎንደር የነበሩት መኳንንት ይህን ገለል ማለት መንገሥ በቃኝ እንዳለ ቆጠሩትና በ1698 ዓ.ም. ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱም ብዙ ሳይቆይ ተገደለ። ሰውየው የፈለገው የሐዘን ፈቃድ ነበር። በዛሬው አዋጅ የትዳር ጓደኛ የሞተበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ 3 የሥራ ቀን ያገኛል፤ እመቤቲቱ ሕጋዊ ሚስት አልነበረችምና ያም ቢሆን ያከራክር ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመት ፈቃድ ሲሞላ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ባየሁ ቁጥር ኢያሱ ትዝ ይለኛል።

አዋጁን ካነሣሁ አይቀር፣ ሕጉ ከእኛ ይልቅ አሳቢ ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ሥራ በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት ውስጥ ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት ዕረፍት ይኑር፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጥ ይላል። ከሁሉ የምወድለት ግን ሠራተኛው ራሱ «ዓመት ፈቃዴን ትቻለሁ» ብሎ ቢዋዋል ውሉ አይጸናም ማለቱን ነው። ይህን ያረቀቀ ሰው ያለ ጥርጥር አበሻን ያውቃል። አሠሪው እንዳይነጥቀን ብቻ አልፈራም፤ እኛው አሳልፈን እንዳንሰጠው ጭምር ፈርቷል።

ሕጉ ያላሰበው ፈቃዱን ወስደን ምን እንደምናደርግበት ነው። አንዱ ወዳጄ ፈቃድ ወጥቶ ደምቢያ የአባቱን ጤፍ አጨደ። ሌላው ቤቱን ጭቃ አስመረገ። ሌላዋ የወንድሟን ሠርግ ደግሳ፣ ጠላውን ጠምቃ፣ ወጡን ሠርታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ተመለሰች። የእኔ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በማስታመም ነው። ጎንደር ሆስፒታል ያለበት ከተማ አጠገብ የሚኖር ሰው ቤቱ ግማሽ ሆቴል መሆኑን ያውቀዋል። ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከደባርቅ ዘመድ ታሞ ይመጣል፤ አንዱ አልጋ ይይዛል፣ ሦስቱ እኛ ቤት ፍራሽ ይይዛሉ። ምሣ በሣህን ተቋጥሮ በታክሲ ከአዘዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ባዶው ሣህን ማታ ይመለሳል። ፈቃዴ አልቆ ቢሮ ስገባ ሁሉም ያየኝና «ዐርፈህ መጣህ፣ ፊትህ በራ» ይለኛል። አሜን እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል?

በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ደግሞ ሌላ ዓይነት መቀመጥ አይተናል። መንገድ ተዘግቷል ይባላል፣ ባጃጁ ይቆማል፣ ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ ሰው ሁሉ እቤቱ ይውላል። ያን ዕረፍት ነው የሚል ካለ አንድ ቀን አብሮን ይዋል። ጆሮው ውጭ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ማታ ሲያርስ ከዋለው በላይ ደክሞ ነው የሚተኛው።

ወደ ሕመሙ ልመለስ። አንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ የማውቀው ሰው «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ሥራ ደህና?» ሲለኝ፣ መልሱ አራት ጊዜ ደህና መሆኑን እያወቅሁ፣ «ደክሞኛል» አልሁት። ሰላምታው እዚያው ቆመ። ሰውየው ግንባሬን ዳሰሰኝ። «ምች ነው» አለ። አጠገባችን የቆመች ሴት ዳማከሴ አሽቼ እንድጠጣ አዘዘች። ሌላው ምች ከሆነስ ፌጦ በሎሚ ነው አለ። አንድ ሽማግሌ ሰው ዐይኑን ጣል አድርጎብህ ይሆናል ብለው ጤና አዳም ኪሴ ውስጥ እንድይዝ መከሩኝ። ሹፌሩ ሳይቀር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ስለ ነጭ ሽንኩርት ተናገረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «እስቲ ሂድና ተኛ» ያለኝ አልነበረም። ማታ ደግሞ ታሟል ተብሎ ጠያቂ መጣ። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቆላል፣ በሽተኛው ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ተኝቶ ቢያናግራቸው ነውር ነው። እኩለ ሌሊት ላይ እንግዶቹን ሸኝቼ ስገባ የምር አሞኝ ነበር።

ቡናውን ማን ነው ያፈላው? ወደዚህ ነው ስመጣ የቆየሁት።

ከተሜው ራስን መንከባከቢያ እያለ የሚያወራለት ነገር ሁሉ በእኛ ቤት ከድሮ ጀምሮ አለ፤ ስሙ ቡና ነው። አቦል ላይ ስለ ልጆቻችንና ስለ ጤፍ ዋጋ እንጀምራለን። ቶና ላይ ያልተናገርነውን እናወጣለን፤ የሚያለቅስም አለ። በረካ ላይ ተመራርቀን፣ ልባችን ቀለል ብሎት እንነሣለን። እኔ እትዬ ቡና ላይ ተቀምጬ ያራገፍሁትን ጭንቀት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ብናገረው የካርዱን ዋጋ አልችለውም ነበር። ግን እስቲ ከወዲያኛው በኩል እዩት። ከሰሉን ያቀጣጠሉት እሳቸው ናቸው። ቡናውን ያጠቡት፣ የቆሉት፣ የወቀጡት፣ ያፈሉት፣ ሦስት ጊዜ የቀዱት፣ ስኒውን በየመሐሉ ያጠቡት፣ ፈንድሻውን ያቀረቡት፣ ጭሱ የገባበትን ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ የጠረጉት እሳቸው ናቸው። ዐሥር ሰው ዐርፎ ሲነሣ የዐሥሩን ድካም አንድ ሰው ላይ ጥሎ ነው። እትዬስ ምን ይሰማቸዋል ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም አይናገሩም፤ ሊናገሩ ሲሉ ጀበናው ይገነፍላል።

በዓሉም እንዲሁ ነው። ሚካኤል ነው ሲባል ሞፈር አይነካም፣ ማጭድ አይነሣም። በሬው በረት ይውላል፣ ገበሬው ጥላ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ሴቲቱ ግን ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ለበዓሉ የመጣውን እንግዳ አብልታ፣ ጠላ ቀድታ፣ ዕቃ አጥባ ነው ቀኑን የምታስመሸው። በሬው ከእሷ የተሻለ ጠበቃ አለው። እንዲያውም የሱስንዮስን አዋጅ ሳስበው፣ ቅዳሜ ይታረስ የሚለው ትእዛዝ የዚያን ዘመን የአዘዞ ሴቶች ጓዳ ውስጥ ብዙ ነገር የለወጠ አይመስለኝም። ቅዳሜ ቢከበርም ባይከበርም ምጣዱ ያው ምጣድ ነው።

ሴት ያለ ነቀፋ የምትተኛበት አንድ ጊዜ ብቻ አውቃለሁ፤ አራስ ስትሆን። ያኔ ዓለም ይገለበጣል። ገንፎው በቅቤ ተነክሮ፣ አጥሚቱ በትኩሱ፣ ራስጌዋ ድረስ ይመጣል። የወይባ ጭስ ይጫጫስላታል፣ ፀጉሯ ለጋ ቅቤ ይቀባል፤ እናቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤቷ ተራ ገብተው ያርሷታል። ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ቤቱ ለእሷ ያዘነብላል። አዋጁም ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ብሎ ከባህሉ ላይ ይጨምርላታል። (ለአባትየው 3 ቀን ሰጥቶታል። እሱም የበግ ዋጋ ለመጠየቂያ ይበቃዋል።) አንዲት ጎረቤታችን፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች ሴት፣ ቡና ላይ ምን እንደሚናፍቃት ተጠይቃ «አራስ ቤት» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ጀርባዬን አሳርፌ የተኛሁት ያኔ ብቻ ነው አለችን። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሰው ለመተኛት ሌላ ሰው መውለድ ሲኖርበት።

ታዲያ ማን ነው የከለከለን? ሱስንዮስ ከሞተ 4 መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። አለቃውም ፈቃድ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ታቦቱም በወር ሠላሳ ጊዜ በር ይከፍትልናል። የከለከለን ይሉኝታ ነው። ሰው በድንገት ቢመጣና ቤቱ ሳይጠረግ ቢያገኘው? እንጀራው አንድ ብቻ ቢሆን? የእገሌ ሚስት ፀሐይ ስትሞቅ ዋለች ቢባል? ይሉኝታ ደግ ነገርም ነው፤ ብዙ ክፋት የሚቀረው በእሱ ነው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተራበ የሚበላው በእሱ ነው። ግን ሰዓት የለውም። ማታም ይሠራል፣ በዓልም ይሠራል። እኛም ራሳችንን የምንቀበለው ሰው የሚያየን ጊዜ ተጠርገን፣ ተነጥፈን፣ ዕጣን ጨሶብን ስንገኝ ብቻ ነው። ያነቃቂው መስታወት ያልደረሰበት ቦታ ይኼ ይመስለኛል፤ የእኛ መስታወት ግድግዳ ላይ አይደለም፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጎረቤት የዞረ ነው።

እትዬ ይህን ሁሉ ከእኔ ቀድመው ያወቁት መሰለኝ። ባለፈው ጊዜ ሰፈራችን ተዝካር ነበረ። እሳቸው ከዋዜማው ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ቆመው ሠሩ፣ ማግስቱን ዕቃ ሲያጥቡ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምጣድ አልተጣደም። ቤቱ አልተጠረገም። እትዬ በረንዳው ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ፀሐዩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል። እኔ እሑድ የሆነ መስሎኝ ወደ ቢሮ መሄዴን ልተው ነበር።

ጎረቤታችን፣ ያቺው አራስ ቤት የናፈቃት፣ በአጥሩ በኩል አየቻቸውና በሩጫ መጣች።

«ምነው እትዬ፣ ታመሙ?»

«አልታመምሁም።»

«ታዲያ ዛሬ የማን ቀን ነው?»

ወሩ በገባ 18 ነበር። ታሪክ ያነበበ ሰው ዝም ማለት አይችልምና ዘልዬ ገባሁ። «ኤዎስጣቴዎስ ነው እኮ! ለሰንበት የተሟገቱት፣ ቅዳሜ ትከበር ብለው የተሰደዱት!» አልሁ። ከዚህ የተሻለ ዋስ ከወዴት ይመጣል? ከሠላሳው ሁሉ ለዕረፍት የተሰደደ ጻድቅ፣ በትክክለኛው ቀን!

እትዬ ዞር ብለው ገላመጡኝ።

«አንተ ልጅ፣ እሳቸውን ለምን ምስክር ታቆማለህ? ደክሞኝ ነው አልሁ።»

«አይ፣ እኔ እንኳ ሰው ሲጠይቅ የሚባል ነገር እንዲኖረን...»

«ደክሟታል በል።»

ጎረቤቲቱ ትንሽ ቆመች። ወደ ቤቷ አየች፤ የቡኮው ዕቃ ከበራፏ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል። ከዚያ ነጠላዋን ሰበሰበችና አግዳሚዋ ጫፍ ላይ፣ ከእትዬ እግር አጠገብ፣ ተቀመጠች። ጫማዋንም አወለቀች። ሁለቱ ሴቶች ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተነጋገሩም፤ ኋላ ተነጋገሩ፣ ሳቁም። ከሳቁ መሐል ሁለቱም አንድ ላይ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ።

«ቡና የለም?» አሉ እትዬ።

ባለቤቴ ሥራ ገብታለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። ቢሮ ደውዬ ዛሬ አልገባም አልሁ፤ ምክንያት ሲሉኝ አዘዞ ውስጥ ሊባል የሚችለውን ሁሉ አውጥቼ አወረድሁና «የቤተሰብ ጉዳይ» አልሁ። ከዚያ ከሰል ላቀጣጥል ጓዳ ገባሁ። እትዬ ከውጭ ሆነው ጆሯቸውን አቁመዋል። ብረት ምጣዱ ሲንኳኳ «እሳቱን አብዝተኸዋል» ይላሉ። ሙቀጫው ሲሰማ «አላደቀቀውም» ይላሉ። ሁለት ጊዜ ከአግዳሚው ሲነሡ ሰማኋቸው፤ ጎረቤቲቱ ሁለቱንም ጊዜ ቀሚሳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። «በሞቴ እትዬ፣ ይረር፣ ምን አገባን» ትላለች። እትዬ ይቀመጣሉ፤ እንደገና ይነሣሉ። ለእሳቸው ተዝካሩን ከመሥራት ይልቅ ይህ ሳይከብዳቸው አልቀረም።

ስኒውን ይዤ ወጣሁ። ቡናው ጥቁር ነበር፤ ጥቁረቱ ግን ቡናው ከመቃጠሉ የመጣ ነው። ፈንድሻ የለም፣ ዕጣን የለም፣ አንዱ ስኒ ጆሮው የተሰበረው ነው። ጎረቤቲቱ ቀመሰችና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እትዬ ግን ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ አተላው ጠጡት። አወረዱት። ረጅም ጊዜ አስበው፣

«መጥፎ ነው» አሉ። «ቶናውን አምጣ።»